ከባሕር ጠለል በላይ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህን የማያውቅ የከተማው ተማሪ የለም፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ባሕሩ ግን አይመጣም። አስተማሪያችን አላየውም፤ መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰውዬም ማየቱን እጠራጠራለሁ። የጮቄ ተራራ እንኳ ከ4,000 ሜትር በላይ ተገትሮ ቁመቱን የሚለካው ማንኛችንም ካላየነው ውኃ ተነሥቶ ነው። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «የትኛው ባሕር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ባሕር ባሕር ነው፤ ቁጭ በል» ተባልኩ። ቁጭ አልኩ። የተነሣሁት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ዛንዚባር ላይ ነው።

ደገኛ ባሕርን የሚያውቀው በወሬና በስም ነው። ግቢያችንን ያጠረው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መጣ ተብሎ የተሰየመ። በቆሎን ሽማግሌዎች የባሕር ማሽላ ሲሉት ሰምቻለሁ። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፈውን ጣናን ባሕር ብለን ከተማውን ባሕር ዳር አልነው። እውነተኛው ባሕር ወደ ጎጃም የመጣው ምናልባት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አሞሌ ሆኖ። ድሮ ባሕር ገብቶበት ከደረቀው ከአፋር ረባዳ ተጠርቦ፣ በግመል ወጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። አያቶቻችን ባሕሩን እንደ ብር ቆጥረው ተገበያዩበት፤ ሲያምራቸውም ላሱት።

በእኛ ቤት ደግሞ «ባሕር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያባርር እኔ ከምድጃው ዳር ተቀምጬ አበቅቴና መጥቅዕ እቆጥር ነበር። መባጃ ሐመርን ያወቅሁት ሐመር ማለት መርከብ መሆኑን ከማወቄ በፊት ነው። ስለዚህ ባሕሩም መርከቡም ለእኔ ቁጥር ነበሩ። እርጥበት አልነበራቸውም።

ታዲያ ለዛንዚባር እንዴት ተመረጥኩ? ዩኒቨርሲቲ የምማረው የተፈጥሮ ሀብት ነበር። የባሕር ሀብትን ሳያሟጥጡ ስለመጠቀም ለምሥራቅ አፍሪካና ለአጎራባች አገሮች ተማሪዎች የሚሰጥ የሦስት ሳምንት ኮርስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ማመልከቻው «ከባሕር ጋር ያለህን ግንኙነት ግለጽ» ይላል። ምን ልግለጽ? ከባሕር ዛፍ በቀር ግንኙነት የለኝም። ብዙ አሰብኩና የጮቄን አፈር ጻፍኩ። በየክረምቱ ከማሳችን ላይ ተጠርጎ በጨሞጋ፣ በሙጋና በሱሃ ዓባይ ገብቶ የሚሄደውን አፈር። «እኔ ባሕሩን ባላውቀውም የአባቴ ማሳ ያውቀዋል» አልኩ። ወደዱልኝ መሰለኝ። የጮቄ አፈር የሚሄደው ወደ ሜዲትራኒያን አቅጣጫ፣ እኔን የሚልኩኝ ደግሞ ወደ ህንድ ውቅያኖስ መሆኑን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

መንደሩ ሲሰማ ምክር ጎረፈ። አያቴ፣ ሴቷ ማለቴ ነው፣ «ባሕር ሰው ይበላል፤ ዳር ዳሩን ሂድ» አለችኝ። ከሁሉም የጠቀመኝ የመሰለኝ ግን ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰው ጎረቤታችን ምክር ነው። ትከሻዬን ይዞ፣ «ስማ ልጄ፤ ውጭ አገር ሰዓቱ ሌላ ነው። ሦስት ሰዓት ካሉህ የእኛ ዘጠኝ ነው። ስድስት ደምር፣ ስድስት ቀንስ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ጉድ አይቻለሁ!» አለኝ። ሌላውን ምክር ሁሉ ረስቼ ይህችን ያዝኩ። ባልያዝኳት ይሻለኝ ነበር።

መንገዱን ላሳጥረው። ደጀንን አልፈን የዓባይ በረሃ ውስጥ ስንወርድ ወንዙ የሐምሌን መልክ ይዞ ነበር፤ ውኃ ሳይሆን የፈሰሰ ማሳ ይመስላል። በመስኮት አይቼ «እንግዲህ በደኅና ግባ፤ እኔ በሌላ በኩል ነኝ» አልኩት። ከአውሮፕላን ጣቢያው ስወጣ ሙቀቱ እንደ እንጀራ ምጣድ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በላብ ነው።

በደሴቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ በሚባል መንደር አካባቢ፣ ለአንድ ሳምንት በየቤቱ ተመደብን። እኔ የደረሱኝ አንዲት ጠንካራ አሮጊት ናቸው። መንደሩ «ማማ» ይላቸዋል፤ እኔ «እማማ» አልኳቸው፤ ልዩነቱንም አልቆጠሩትም። ባሕርን «ባሃሪ»፣ ሰዓትን «ሳዓ» ሲሉ ሰምቼ ግማሽ ስዋሂሊ የቻልኩ መሰለኝ።

ባሕሩን መጀመሪያ ያየሁት ሲሄድ ነው። ይህን የሚያስረዳልኝ ቃል እስካሁን አላገኘሁም። በእኛ አገር ውኃ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያውቃል፤ ጨሞጋ ወርዶ የተመለሰበት ቀን የለም። ይህኛው ውኃ ግን ጠዋት እስከ ደጃፍ ሞልቶ ያየሁት፣ ቀትር ላይ ሲፈልጉት የለም። ከዓይን ርቆ ነጭ አሸዋና ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመው ቀሩ። ማታ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ መጣ። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። በትልልቆቹ ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ሜትር ያህል ይደርሳል፤ የአባቴ ቤት ከነጣሪያው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጉዴ መጣ። እማማ አንድ ማታ ነገ እርሻ ይዘውኝ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። እርሻቸው ባሕሩ ውስጥ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ገብተው ሳይመለስ ይወጣሉ። «ሳዓ ታቱ» አሉኝ፣ ሦስት ጣት አውጥተው። ታቱ ሦስት መሆኑን አውቄያለሁ። የጎረቤታችን እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ውጭ አገር ሦስት ሰዓት? ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ ነዋ! እኔን ማን ያታልለኛል። ጠዋት እማማ በሬን ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ለቁርስ መስሎኝ፣ ጾም ነኝና፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ ተገላበጥኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ደብተሬን ይዤ ወረድኩ። እርሻ የለም። ትናንት ሰው የሚመላለስበት ሜዳ ላይ ጀልባ ይንሳፈፋል። እማማ ደጃቸው ተቀምጠው የደረቀ ነገር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሦስት ጣታቸውን እንደገና አወጡ፤ ቀጥለው በጣታቸው ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ጠዋት ወዳለችበት አመለከቱ። ያኔ ገባኝ። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው፤ ከንጋት ይነሣል፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት ይላል። የእሳቸው ሦስት የእናቴ ሦስት ነው። ያገሬ ሰው ሰዓቱን ሳይነካ ሊኖርባቸው ከሚችል እጅግ ጥቂት የውጭ አገሮች ወደ አንዱ ሄጄ፣ በስንት ጥንቃቄ ሰዓቴን አበላሸሁት።

ስለ ጾሙ ካነሣሁ አይቀር፣ ፍልሰታ ነበር። አረፋም በዚያው ሳምንት ዋለ። መንደሩ አርዶ እያንዳንዱ ቤት ሳህን ይልክልኛል፤ እኔ በኮኮናት የተቀቀለ ባቄላ ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። እማማ ረመዳን ካለፈ ቆየ፣ ምን ሆነህ ነው ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። ስለ እመቤታችን ዕርገት በእጅ ምልክት ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሰማይ ሰማዩን ሳሳይ ዝናብ ይመጣል ያልኩ መስሏቸው የተሰጣውን ሰበሰቡ። ዓሣ ይሁን ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ስምንት እጁን እየጎተተ ሳህን ላይ የመጣው ኦክቶፐስ ነው። ጾም ባይሆንስ? ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አትብሉ ይላል፤ ይህ ፍጥረት ደግሞ ክንፍም ቅርፊትም አጥንትም የለውም። ያለው እጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዴ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በትዕቢት የመጣ ነው። ባሕሩን የምትጎትተው ጨረቃ ናት። ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡት በጣም ይሸሻል፣ በጣም ይሞላል፤ ይህን «ባምቩዋ» ይሉታል። ግማሽ ስትሆን ጉተታው ይከፋፈላል፤ ያን ጊዜ ውኃው «ማጂ ማፉ» ነው፣ የሞተ ውኃ። ይህን ያስረዳን አንድ አዛውንት ጀልበኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ይሞካክራል። ነሐሴ 9 ቀን ነበር፣ ወደ ማታ። አሸዋው ላይ ተቀምጠናል። ጨረቃን መከታተል ለዓሣ አጥማጅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ሲናገር የመሪጌታ ደም ተነሣብኝ። «እኔ ሰማይ ሳላይ የጨረቃን ዕድሜ እነግርሃለሁ» አልኩት። ጓደኞቼ ዞሩ። የዓመቱ አበቅቴ 25። የወሩን ሕፀጽ ጨመርኩ፣ ዘጠኝ ቀኑን ደመርኩ፣ ሠላሳውን ገደፍኩ። አያቴ ቢያዩኝ ደስ ይላቸው ነበር። «ለመሙላት አምስት ቀን ያህል ይቀራታል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ትልቁ ሽሽት የሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

ሰውዬው አየኝ። ዝም አለ። ከዚያ አገጩን ወደ ባሕሩ ወርወር አደረገ። ዞር ብል፣ ፀሐይ ከጀርባችን እየጠለቀች ሳለ፣ ከውኃው ውስጥ ብርቱካን የመሰለች፣ ምንም ያልጎደላት፣ ሙሉ ጨረቃ ብቅ ትላለች። እንደዚያ ትልቅ ጨረቃ ከዚያም ወዲህ አላየሁም። «ያችስ?» አለኝ።

ድምሩን ደግሜ አየሁት፤ አልተሳሳትኩም። የተሳሳተው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ባሕረ ሐሳብ የቆመው በንዑስ ቀመር ላይ ነው፤ በየ19 ዓመቱ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች በሚለው። ትመለሳለች፣ ግን ትንሽ ቀደም ብላ። በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሸራረፋል። ቀመሩን ከሠራው ከእስክንድርያው ድሜጥሮስ ዘመን እስከ ዛሬ ሲጠራቀም አምስት ቀን ያህል ሆኗል። ቀመሩ የተበጀው በዓላትና አጽዋማት ምእመኑን በአንድ ቀን እንዲያገኙት ነው፤ ለኦክቶፐስ አደን አይደለም፤ ለሥራው እስካሁን አልከሸፈም። ግን ይህን ሁሉ በዚያች ማታ ለማን ላስረዳ? ጀልበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታው አንድ ሆነ፤ ሰማዩን እያየ «ዛሬ ስንተኛ ነች?»

በማግስቱ በሦስት ሰዓት፣ በእማማ ሦስት፣ እርሻ ገባሁ። ስለ ባሕሩ የማውቀው ነገር ካለ ከዚያች ጠዋት የተገኘ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚት ሆኖ ቀርቷል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ አረም ሥራ ጎንበስ ብለዋል። ችካል በሁለት ረድፍ ተተክሏል፤ በመካከሉ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ የባሕር አረም ቁርጥራጭ እየተቋጠረ ይታሰራል። ያችው ቁራጭ በስድስት ሳምንት አካባቢ ትልቅ ዘለላ ትሆናለች። ዘሩ ከፊሊፒንስ መጥቶ በእነዚህ ዳርቻዎች መተከል የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ብዙዎቹ አርሶ አደሮች ሴቶች ናቸው። ጣና ላይ እምቦጭ ስንነቅል ወገባችን የተቆረጠ ሰዎች፣ አረም ተክሎ የሚኮተኩት ሕዝብ ስናይ ግራ መጋባታችን አይቀርም። አረሙ ደርቆ ይሸጣል፤ ከውስጡ ካራጊናን የሚባል ነገር ይወጣል፤ አይስክሬሙንና የጥርስ ሳሙናውን እንዲረጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ለካ ከዓመት ዓመት ጠዋት ጠዋት አፌን ስታጠብ የኖርኩት በባሕር ነው። አያቴ በመፋቂያ ብቻ የሚሉት ወደው አይደለም።

እማማ አንዱን ገመድ ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ነጭ ሆኗል፣ ሲነኩት ይፈርሳል። ውኃው ሲሞቅ የሚመጣ በሽታ ነው። ሁለት ዓይነት ይተክላሉ፤ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ ጥልቀት የሌለውን የሞቀ ውኃ አልችል ብሎ እየጠፋ፣ ርካሹ ስፒኖሰም ቀርቷል። ወንዶቹ ወደ ጥልቁ በጀልባ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሴቶቹ ጀልባም ዋናም የላቸውም። ፊታቸውን ሳይ እናቴን አየሁ፣ ዋግ የመታውን ስንዴ ዘለላ መዳፏ ላይ አሽታ ስትነፋው። ቃል አልተለዋወጥንም። ምን እላቸዋለሁ፤ ሙቀት ነው ልበላቸው? እሳቸው ከእኔ በፊት ያውቁታል።

ይህን እያሰብኩ ጥቁር ነገር ረገጥኩ። የባሕር ጃርት! አሥራ ምናምን እሾህ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። የጎጃም ልጅ እሾህ አይፈራም፤ ግራር ረግጠን አድገናል፤ የግራሩ እሾህ ግን በመርፌ ይወጣል፣ ይኼኛው ሲነኩት ይደቃል። አንዲት ልጅ ሮጣ ያልበሰለ ፓፓያ አመጣች፤ ወተቱን ቀቡኝ። ሴቶቹ ተደግፈውኝ ሲያወጡኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። በሁለት ቀን ዳነ ልል ነበር፤ በአራት ቀን ነው።

እግሬን ሰቅዬ በተኛሁባቸው ቀናት ነው ከእስክንድርያ የመጣው የክፍል ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ የመጣው። ስለ ግድብ ላንነጋገር በመጀመሪያው ቀን በእጅ ተማምለናል። ስምምነቱ አምስት ደቂቃ ቆየ። ግን ክርክሩ የጠበቅሁት አልሆነም። ያነሣው የእኛን ሳይሆን የራሳቸውን አስዋንን ነው። አያቱ ዓባይ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ሰርዲን ያጠምዱ ነበር። ድፍርሱ ጎርፍ ሲደርስ ባሕሩ ይጠግባል፤ ሰርዲኑ ደለሉን ተከትሎ ይመጣል። የአስዋን ግድብ በ1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ጎርፉን መያዝ ሲጀምር፣ በዓመት ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ወደ መቶዎች ወረደ። «የእናንተ አፈር ነበር ሲያበላን የኖረ» አለኝ። እኔ ደግሞ አባቴ በየዓመቱ እርከን ሲሠራ፣ አፈሩን ለማስቀረት ከጎርፍ ጋር ሲታገል ነው ያደግሁት። አንዱ ቤት የሌባ ያለህ የሚያስብለው፣ ሌላው ቤት ሲሳይ። ተያየን። «አባትህን ጥቂት ይልቀቅ በለው» አለኝ። «አያትህ ይክፈሉና» አልኩት። ከዚያ የቀረበልንን ሻይ ጠጣን።

ኮርሱ ክፍል ውስጥ ያስተማረን ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ደብተሬ ይወቀው። አንዱን ግን ለመንደሬ ሰው ሳልነግር አላልፍም። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር ነው፣ ግን ቶሎ ይገዝፋል። ስለዚህ አንዳንድ መንደሮች የሪፉን፣ የባሕር ውስጥ ዐለቱን፣ አንድ ክፍል ለጥቂት ወራት ይከለክላሉ፤ ማንም አይገባም፤ ሲከፈት ክብደቱ ሌላ ነው። ማዳጋስካር ውስጥ አንዳቫዱዋካ የሚባል መንደር በ2004 እ.ኤ.አ. ሞክሮት ጎረቤቶቹ ተከተሉት። ጥበቃው በየተራ ነው፣ የሚሰርቅ ይቀጣል፣ የመክፈቻው ቀን በሽማግሌ ይቆረጣል፣ ከመክፈቻው ዋዜማም አንድ ሰው በሌሊት ሲገባ ይያዛል። አስተማሪው ይህን እንደ አዲስ ግኝት በስዕል ሲያሳየን ከኋላ ተቀምጬ ፈገግ አልኩ። ጮቄ ሥር ከንክኪ ነፃ የተከለለ ጋራና የተጠበቀ የሣር መሬት ያለው ሰው ሁሉ ያንን ሌሊት የሚገባውን ሰውዬ ያውቀዋል። የእኛ ሰፈሩን በስም ሁሉ ልጠራው እችላለሁ፤ በሬው ነጭ ነው።

ነሐሴ 17 ቀን፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ቤት ገባሁ። ዶሮ ተሠርቷል። ያመጣሁት ሦስት ነገር ነው፦ ከባሕር አረም የተሠራ ሳሙና፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የባሕር ውኃ፣ የሚያነክስ እግር። አያቴ ውኃውን በጣቷ ቀምሳ ተፋችው፤ «ከዚህ ሁሉ ውኃ አጠገብ ሆነው ሰዎቹ ምን ይጠጣሉ?» አለች። መሪጌታው ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ብዙ አዩት። ሰዓቱን ነገርኳቸው፤ በጣም ሳቁ። ጨረቃውን አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወደ ኦክቶፐስ አዞርኩት።

ጥቂት ቆይተው፣ «ለመሆኑ ይህ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል አላልክም?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ እስከ አራት ሜትር።»

«ታዲያ እናንተ ተማሪ ቤት ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ይህን ያህል ትላላችሁ። ሲወጣ ነው ሲወርድ? ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እኛ እዚህ ከፍ እንላለን?»

ያኔ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁት ጥያቄ አሥር ዓመት ዞሮ ከነዘመዱ መጣብኝ። እንደ አስተማሪዬ ቁጭ ይበሉ አልላቸው ነገር፣ ተቀምጠዋል። ደግነቱ መልሱን ተምሬዋለሁ። «አማካዩ ነው የሚወሰደው አባባ። የባሕሩን ከፍታ ሌት ተቀን እየለኩ ይመዘግባሉ። የጨረቃ መንገድ ራሱ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ስለሚል ዙሩን እስክትጨርስ ይጠብቃሉ፤ 18 ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የ19 ዓመት ልኬት ደምረው ያካፍላሉ።»

ጠርሙሱን አስቀመጡ። «ስንት ዓመት?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ንዑስ ቀመር ነዋ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። ሁለቱ ዙር የተለያየ መሆኑን ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ያቺ ብርቱካን ጨረቃ ከውኃው ብቅ አለችብኝና ዘጋሁት። «ንዑስ ቀመር! እኔ ከዚህ ምድጃ ሥር ያስቆጠርኩህን ነው እንዴ ያን ሁሉ አገር ሄደህ፣ እግርህን አስወግተህ የመጣኸው?» ብለው ሳሙናውን አነሡ፤ አሸተቱትና «ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» እያሉ ለአያቴ አቀበሏት።